ዳር ዳሩን በማጭድ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጋሽ ተክለወልድ ይህን ተረት ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲተርቱ ኖረው፣ ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ዞሮ በራሳቸው ላይ ወደቀ።

ነገሩ የሆነው ዲክሲስ ከተማ ዳር፣ በድንች ዘር አብዢዎች ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ነው። ሃያ ስድስቱ አባላት በድንጋይና በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ይሰበሰባሉ። መጋዘኑ ድሮ የማዳበሪያ ማስቀመጫ የነበረ የብሎኬት ቤት ነው። ማኅበሩ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ አስገብቶ፣ ውስጡን በጣውላ መደርደሪያ ሞልቶ፣ አባላቱ ለበልግ የሚተክሉትን ዘር በሙሉ እዚያ አኑሯል። ዘሩም ደግ ይዞ ነበር፤ ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ልክ ሊነክሱት እንደሚያስጎመጅ ቃሪያ። ከአንድ ጥግ በቀር። በሰሜንና በምዕራብ ግድግዳ መገናኛ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ድንቹ ያልበዋል፤ ያልበውና ይበሰብሳል። የበሰበሰውን ለቅመው ሲያወጡ በሳምንቱ ጎረቤቱ ይከተላል።

«አየር አጥሮት ነው» አለ ሊቀመንበሩ ይበልጣል። ይበልጣል ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው እህል ነጋዴ ነው። «የሰሜኑን ግድግዳ አፍርሰን ሰፊ መስኮት እናውጣለት። ቅዳሜ ግንበኛው አክመል መዶሻውን ይዞ ይመጣል። የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

እጆች መነሣት ሲጀምሩ ጋሽ ተክለወልድ ተነሡ።

«ቆይ፣ ልጄ ትየው» አሉ።

ሳቅ ፈነዳ። ልጃቸው ናዝሬት፣ አሰላ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ትምህርቷም፣ አየር ቤት ውስጥ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ኅዳር ላይ መጥታ መጋዘኑን በሜትር ለክታ፣ የሚበሰብሰው ጥግ ላይ አንዲት የዶሮ ላባ በክር አንጠልጥላ ሄዳለች። ላባዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ተሰቀለች አለች፤ ንቅንቅ ብላ አታውቅም።

«ጋሽ ተክሌ» አለ ይበልጣል፣ «ነፋስ እኮ መስኮት ሲከፈትለት ይገባል። ዲግሪ አይጠይቅም!»

«ግድግዳውን ለማፍረስ መደርደሪያው ይነሣል። መደርደሪያው ሲነሣ ጉንቁሉ ይረግፋል። የረገፈ ጉንቁል በምን ታጣብቀዋለህ፣ በሲሚንቶ?»

አሁን ሳቁ ወደ ይበልጣል ዞረ። ጋሽ ተክለወልድ እዚያ ላይ ቢቀመጡ ምን ነበረበት! ሳቅ ግን ያሰክራል። ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ «እስከ ቅዳሜ ስጡኝ፣ ልጄ መላውን አስልታ ታመጣለች! ከተሳሳተች ግድግዳው ይፍረስ፤ ፍርስራሹን ብሎኬት በዚህ ጀርባዬ አመላልሳለሁ!» አሉ።

ይበልጣልም አላነሰ። «ልጅዎ ልክ ከሆነች ደግሞ እኔ ኮምፒውተሯን ተሸክሜ፣ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጬ፣ መናኸሪያ ድረስ እሸኛታለሁ!»

«ሁለቱንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌዋለሁ» አለች ቦጋለች፣ የመጋዘኑ ኃላፊና የማኅበሩ ጸሐፊ፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ እየሰካች። «ማንም ወደ ኋላ አይልም።»

ጋሽ ተክለወልድ ማታ ቤታቸው ሆነው ጀርባቸውን ሲዳስሱ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት አገኙት። ያሳሰባቸው ግን ጀርባው አልነበረም። ዘሩ ነው። የሃያ ስድስት ቤት በልግ ነው። ደግሞም፣ ለማንም ባይናገሩት፣ ልጃቸውን በሰው ፊት መሳቂያ እንዳያደርጓት ፈርተዋል።

ረቡዕ ስልክ ደወሉ። «ደረሰልሽ?»

«እየሄደ ነው አባዬ» አለች ናዝሬት። ድምፅዋን አልወደዱትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምባይነር ነድተዋል፤ የሚሄድ ሞተር የሚሄድበት ድምፅ አለው፣ የቆመ ሞተርም የሚዋሽበት ድምፅ አለው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ቋጥረው በሚኒባስ አሰላ ወረዱ። መንገዱን ሁሉ የደረሰ ስንዴ ነው፤ ኮምባይነሮቹ እንደ ቀይ ጉንዳን ሜዳው ላይ ይርመሰመሳሉ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል፣ እሳቸው ግን በመስኮቱ የእያንዳንዱን ኦፕሬተር አነዳድ እየተቹ ሄዱ። «ይሄ ቸኩሏል። ይሄ ደግ ነው። ይሄንን ማን መንጃ ፈቃድ ሰጠው?»

ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዘው ናዝሬት የተከራየችበት ግቢ ሲደርሱ፣ ገና ከውጭ በር አንድ ጩኸት ሰሙ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ትንፋሽ ያጠረው ጩኸት። ክፍሏን ሲከፍቱ ልጃቸው ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ነው የሚጮኸው።

ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ጠጋ ብለው፣ እንደታመመ ሕፃን ግንባር መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ።

«ታፍኗል» አሉ። «ማርሽ ቀንሺለት።»

ናዝሬት ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ተነሥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ አልደርስም መሰለኝ።»

«ተቀመጪና ከሥሩ ንገሪኝ። እንደማያውቅ ሰው ንገሪኝ፤ አላውቅምና።»

«ኮምፒውተሩ ቤቱን በጥቅሉ አያውቀውም» አለች። «ቤቱን በመረብ እንሸነሽንለታለን፤ እኛ ሜሽ እንለዋለን። ውስጡ ያለው አየር ሁሉ ትንንሽ ሳጥን፣ ሳጥን ይሆናል። ኮምፒውተሩ በየሳጥኗ ነፋሱ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሰላና ለጎረቤቷ ሳጥን ያቀብላል።»

«ከእጅ ወደ እጅ። እንደ ግንበኛ ብሎኬት።»

«እንደሱ። መጀመሪያ ትልልቅ ሳጥን ሠራሁ፤ ግማሽ ግማሽ ሜትር። ሻዬን ሳልጨርስ ጨረሰ።»

«ታዲያስ! ጎበዝ አይደል?»

«ምን ጎበዝ ነው! መጋዘኑ ውስጥ ምንም ነፋስ የለም አለኝ። ከጣሪያው ሥር በምሥራቅም በምዕራብም የተተወችው ክፍተት ስፋቷ አራት ጣት ናት አይደል? በግማሽ ሜትር ሳጥን ውስጥ አራት ጣት ምን አላት፤ ተዋጠች። ኮምፒውተሩ ቤቱን እንደ ታሸገ ቆርቆሮ ቆጠረው።»

«እና አንቺ ምን አደረግሽ?»

ናዝሬት ዓይኗን ሰበረች። «ተናደድኩ። ተናደድኩና ሁሉንም አደቀቅሁት። ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ሁለት ሁለት ጣት። ስድስት ሚሊዮን ሳጥን ሆነ።»

«እና መቼ ይጨርሳል?»

ስክሪኑን አየት አደረገችና በቀስታ፣ «ለገና» አለች።

ጋሽ ተክለወልድ ጣታቸውን እያጠፉ እስከ ገና ያለውን ቀን ቆጠሩ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው፤ በመጨረሻ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ናዝሬትም መኮሳተሩን ሞክራ አልሆነላትም።

«ናዚ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «እኔ ኮምባይነር ስነዳ የማሳውን ጥግ ማን ነበር የሚያጭደው?»

«እማዬና ሰዎቹ ናቸዋ። በማጭድ። እናንተ ሳትመጡ በፊት ዳር ዳሩን አጭደው ይጠብቋችሁ ነበር።»

«ለምን?»

«ኮምባይነር ጥግ አይገባማ። አጥሩ ሥር፣ ቦዩ ዳር፣ ድንጋዩ ዙሪያ እህሉን ትቶት ያልፋል።»

«እሺ፣ ማሳውን እንዳለ በማጭድ ብናጭደውስ ኖሮ?»

«እሱማ መቼ ያልቃል! ለገና እንኳ—»

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አባቷን አየች። የሚጮኸውን ላፕቶፕ አየች። ከዚያ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

«መሐሉ ሜዳ ነው ልጄ» አሉ፣ «ስንዴው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ትልቁ ማሽን ይሂድበት። ነገር ያለው ዳር ላይ ነው። እዚያ ማጭድ ይዘሽ ትጎነበሻለሽ።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ መጽሐፉ ላይ አለ! ግድግዳው ጋና ክፍተቱ ጋ አድቅቁ፣ መሐሉን አሳሱ ብሎ አስተማሪያችን ስንት ጊዜ ነግሮናል!»

«ታዲያ ያን ጊዜ የት ነበርሽ?»

«ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ማክሰኞ ነው የጠፋሁት፤ ተናድጄ።»

ስድስት ሚሊዮኑን ሳጥን በአንድ ጣት አቆመችው። ላፕቶፑ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ዝም አለ፤ ግቢው ውስጥ ወፍ ስትጮህ ተሰማ።

ጋሽ ተክለወልድ ፌስታላቸውን ፈትተው ቆሎውን ትሪ ላይ አፈሰሱ። በሌባ ጣታቸው መጋዘኑን ሣሉ፤ ምሥራቅ ይሄ፣ ምዕራብ ይሄ፣ በሩ በደቡብ። «በይ እንግዲህ የት ነው የምናደቅቀው? እኔ እደረድራለሁ፣ አንቺ ጻፊ።» ቆሎውን በምሥራቁ ክፍተት ጥቅጥቅ አድርገው ከመሩት። በምዕራቡም እንደዚያው። በመደርደሪያዎቹ ጠርዝ፣ በወለሉ ዳር፣ በግድግዳው ሥር በቀጭኑ ረደፉት። መሐሉን እየበተኑ አሳሱት። ከተረፈው እየቃሙ ነው የሚሠሩት።

«እዚህ ደግሞ ዛቅ አድርገን» አሉ፣ የምዕራቡ ግድግዳ ከሰሜኑ የሚገናኝበት ጥግ ላይ አንድ እፍኝ እየከመሩ፣ «የድመቷ ቀዳዳ ጋ።»

«የምን ቀዳዳ?»

«የድመቷ ነዋ። ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሳለ ለአይጡ ብለን ድመት መግቢያ ትተን ነበር። ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር፣ አንድ ብሎኬት የምታህል።»

«አባዬ፣ እኔ ስለካ ቀዳዳ የሚባል አልነበረም!»

«አንቺ ስትመጪማ ተደፍናለች። በመስከረም ቦጋለች ናት በድንጋይ የደፈነቻት፤ ዶሮዎቿ እየገቡ ጉንቁል እየለቀሙ…»

አሁን ደግሞ ተከፍቶ የቀረው የእሳቸው አፍ ነው። ዓምና በዚያ ጥግ አንድ ድንች አልበሰበሰም ነበር።

አባትና ልጅ ትሪው ላይ ተያዩ። ማንም ቆሎውን አልነካም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የናዝሬት ነበር። መረቡን እንደ አዲስ ዘረጋች፤ በክፍተቶቹና በቀዳዳዋ ዙሪያ አንድ አንድ ጣት፣ ከዚያ እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ መሐል ሜዳው ላይ ክንድ የሚያህል። ስድስት ሚሊዮን የነበረው ሰባት መቶ ሺህ ሆነ። ስታስነሣው ጋሽ ተክለወልድ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ።

«አሁን ደግ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው።»

«ግን በአንድ ጊዜ አናምነውም» አለች። «አንዴ ሰፋ ባለ መረብ፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ ከዚህ በደቀቀ እጠይቀዋለሁ። መልሱ መለዋወጡን ካልተወ ገና ነን ማለት ነው።»

«ሦስት ምስክር!»

ዓርብ ቀትር ላይ ሦስቱም ምስክሮች ቃላቸውን ሰጡ። የመጀመሪያው ስለ ጥጓ የተናገረው ከሁለቱ ለየት አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ቃል በቃል ገጠሙ።

«የመጀመሪያው ውሸታም ነው?» አሉ ጋሽ ተክለወልድ።

«አይ፣ ዓይኑ ደከም ያለ ምስክር ነው።»

ስክሪኑ ላይ ነፋሱ እንደ ቀለም ክር ይታያል። በምሥራቁ ክፍተት ይገባል፣ ጣሪያውን ተለጥፎ እንደ መንገደኛ ይሮጣል፣ በምዕራቡ ክፍተት ሹልክ ብሎ ይወጣል። ታች ላለው ድንች «እንዴት ዋልክ» እንኳ አይለውም። በሰሜን ምዕራቡ ጥግ ላይ የቆመ አየር እንደ ጥቁር ሰማያዊ ኩሬ ተኝቷል፤ ልክ ድንቹ የሚያልብበት ቦታ። ናዝሬት የይበልጣልን ሰፊ መስኮት ሰሜን ላይ ከፍታ አሳየቻቸው፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚመጣ መስኮቱን በጎን አልፎት ሄደ፣ ኩሬውም ከቦታው አልተነሣም። ከዚያ የድመቷን ቀዳዳ ከፈተች፣ የምዕራቡን የላይ ክፍተት ግማሹን ዘጋች። ክሩ ከጣሪያው ላይ ተገነጠለ፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተጥመለመለ ወረደ፣ ኩሬውን ጠርጎ በቀዳዳዋ ወጣ።

ጋሽ ተክለወልድ አስደግመው አዩት። ከዚያ ድጋሚ። ከዚያ ትሪው ላይ የቀረችውን ቆሎ ሰብስበው ልጃቸውን አጎረሷት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ስድስቱም፣ ያልተጠራውም ሰው ሁሉ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ተሰብስቧል። አክመል ስምንት ኪሎውን መዶሻ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ናዝሬት የሚሆነውን ተናገረች፤ ቀዳዳዋ ትከፈት፣ የምዕራቡ ክፍተት ግማሹ በጆንያ ይደፈን፣ ሌላ ምንም አይነካ።

«ሁለተኛ ዲግሪ ተምረሽ» አለ ይበልጣል፣ «የድመት ቀዳዳ ነው ያመጣሽልን?»

«አላመጣሁም ጋሽ ይበልጣል፤ ነበረች።»

ሁሉም ዞሮ ቦጋለችን አየ። ቦጋለች ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። «እኔ ዶሮ ነው የከለከልኩት እንጂ ነፋስ አልከለከልኩም!»

አክመል ጎንበስ ብሎ ድንጋይዋን በአንድ እጁ ነቀለ። «ወላሂ፣ ለዚች ነው መዶሻ ተሸክሜ የመጣሁት?» ሁለት ጎረምሶች መሰላል ላይ ወጥተው ጆንያውን ጠቀጠቁ። ናዝሬት ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠርታ ወደ ላባዋ አመለከተች። «ልክ ከሆንኩ ይህቺ ላባ ወደ ቀዳዳዋ ታዘነብላለች። ወደ ውስጥ አይደለም፤ ወደ ውጭ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥጓ ተጠጋ። ላባዋ ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። አንዱን ሳል ያዘው። ላባዋ እንደ ሞተች ናት።

«ጋሽ ተክሌ» አለ ይበልጣል በቀስታ፣ «ጀርባዎን ያሟሙቁ።»

ጋሽ ተክለወልድ የልጃቸውን ፊት አዩ። ከንፈሯን ነክሳለች። ብሎኬቱ ከሐሳባቸው ጠፋ፤ የታያቸው ያ ከንፈር ብቻ ነው። ወደ በሩ ዞሩ። ከደጅ ያለው ባሕር ዛፍ ጫፉ እንኳ አይነቃነቅም። የዚያን ጊዜ ፊታቸው በራ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሊሆን ነው።»

«እናንተ ሰዎች! እህል አናፍሳችሁ አታውቁም? በታኅሣሥ ዲክሲስ ላይ ነፋስ ከአራት ሰዓት በፊት ተነሥቶ ያውቃል?»

«ነፋስም ቀጠሮ ያከብራል?» አለ ይበልጣል።

«ካንተ ይሻላል። ሰብስበኸን ስንት ጊዜ ዘግይተሃል!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ደጅ ያለው ባሕር ዛፍ ሹሹ አለ። ጣሪያው ሥር የሆነ ነገር አፏጨ። ሁሉም አንገቱን ወደ ጥጓ አዞረ። ላባዋ መጀመሪያ እንደሚያንቀላፋ ሰው አንዴ ነቀነቀች፤ ዞረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ አፍንጫዋን ወደ ድመቷ ቀዳዳ አዘነበለች። አዘንብላም ቀረች።

ቦጋለች እልልታዋን ለቀቀችው። አክመል መዶሻውን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ባዬ ጋሪዳ!» እያለ የጋሽ ተክለወልድን እጅ ነቀነቀ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አንዱ ሽማግሌ ድንቹ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል» ይላሉ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ድመቷ በቀዳዳዋ ብቅ አለች፤ ሰዉን አየት አድርጋ፣ እንደ ባለቤት ተንጎራድዳ ገባችና መደርደሪያው ሥር ተቀመጠች።

ናዝሬት አባቷ ደረት ላይ ግንባሯን አሳርፋ ትስቃለች።

ቃለ ጉባኤው አጭር ነበር፤ ግድግዳው ይቆይ፣ ዶሮዎቹ ይታጠሩ፣ በሙሉ ድምፅ። ከዚያ ቦጋለች ወረቀቱን ወደ ኋላ ገልጣ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የማክሰኞው ላይ የተጻፈ ቀሪ ጉዳይ አለ፤ ሊቀመንበራችንን ይመለከታል።»

ይበልጣል ወንድ ነው፣ አልሸሸም። የላፕቶፑን ቦርሳ ደረቱ ላይ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ናዝሬትና አባቷን ከኋላ አስከትሎ፣ ገበያው መሐል ገባ። ቅዳሜ ነው፤ አገር ሁሉ ወጥቷል።

«ሊቀመንበር! ትምህርት ጀመርክ?»

«ክርስትና ነው እንዴ፣ ምን ታቅፈህ ነው?»

«መጋዘኑን ነው የያዝኩት!» አለ ይበልጣል በዚያ ድምፁ፣ «ከነነፋሱ! ዞር በሉ፣ ይፈስሳል!» ሰው መንገድ እየለቀቀ በሳቅ ይከተለዋል፤ መናኸሪያ ሲደርሱ አርባ የሚሆን አጃቢ ነበራቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ ቦርሳውን ጭኗ ላይ ሲያስቀምጥላት ግን ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እንዲያ ዝቅ ሊል ይችላል ብሎ የገመተ አልነበረም።

«ናዝሬት እኅቴ፣ የኛ ቤት ማድ ቤት ጭሱ አልወጣ ብሎ ባለቤቴ ዓይኗን ታመመች። እሱንም በመረብሽ ብታዪልን?»

ናዝሬት መልስ ከመስጠቷ በፊት ጋሽ ተክለወልድ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«ድመት አላችሁ?» አሉ።